በቀን 1,667 ቃል አልሆነልኝም፤ 300 ግን ሆነ

ደብረ ማርቆስ ተቀምጬ ልብ ወለድ ስጀምር ግቤን የቀዳሁት ፈረንጆቹ ካስለመዱት የኖቬምበር ፈተና ነው። በ30 ቀን 50,000 ቃል። ሲካፈል በቀን 1,667።

ሳምንት ሳይሞላ አበቃልኝ። ቁጥሩ ሞልቷል፣ ታሪኩ ግን ባለበት ቆሟል። ገጸ ባሕሪዬ አቦሉን ጠጣች፣ ቶናውን ጠጣች፣ በረካውንም ጠጣች። ሦስት ገጽ ሙሉ! እዚያ ቤት ሌላ ምንም አልተፈጠረም። ያስደገምኳት ቃል ለመሙላት ነበር።

ነገሩ የገባኝ በኋላ ነው። «አልነገረችኝም» ለኮምፒውተሩ አንድ ቃል ናት። በእንግሊዝኛ ግን «She didn't tell me» ተብላ አራት ትሆናለች። ለካ የእንግሊዝኛን ሸክም በአማርኛ ጫንቃ ተሸክሜ ኖሯል።

ወደ 300 አወረድኩት። ጠዋት፣ ስልኬን ሳልከፍት። የምጽፈው ነገር እያለኝ አቆማለሁ፤ ነገ ከየት እንደምነሣ አውቃለሁ። ያመለጠኝን ቀን ዕዳ አላደርገውም። ደግሞ ቁጥሩ ለመጀመሪያው ረቂቅ ብቻ ነው። እርማት ላይ ስሆን በሰዓት እሠራለሁ፤ 200 ቃል የሰረዝኩበት ቀን እኮ ጥሩ ቀን ነው።

የቅኔ ቤት ተማሪም «ቅኔ ይቆጥራል» ይባላል። የሚቆጥረው ግን ቃል አይደለም፤ ዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ ምሥጢር ሲያወጣ ሲያወርድ ይውላል። ጎጃም ተወልጄ ይህን መርሳቴ ይገርመኛል።

ሴትዮዋ አሁን አቦሉን ሳትጨርስ ተነሥታ ወጥታለች። የት እንደሄደች ነገ ጠዋት አያለሁ።