ፍጥነቱ የሚቀያየር ሞተር ከተገጠመ በኋላ በገንዳ ፓምፕ ላይ የሚታዩ ችግሮችና መፍትሔያቸው

የመዋኛ ገንዳቸውን ባለ አንድ ፍጥነት ፓምፕ አንሥተው ፍጥነቱ የሚቀያየር ሞተር ያስገጠሙ ሆቴሎችና መኖሪያ ቤቶች ከጥቂት ሳምንታት በኋላ መልሰው ሲጠሩኝ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሞተሩ ጥፋት ሆኖ አላገኘሁትም። ሞተሩ አዲስ ቢሆንም ታይመሩ፣ ማጣሪያውና የሠራተኛው ልማድ ለድሮው ፍጥነት እንደ ተሰናዱ ይቀራሉ። ብሬከር መነሣቱን፣ ቅርጫት መጽዳቱንና ቫልቭ መከፈቱን አንባቢው አስቀድሞ አይቷል ብዬ እነሣለሁ።

ውሃው ይደፈርሳል፣ ግድግዳው ያዳልጣል፣ ከዚያም አረንጓዴ ይሆናል

ደጋግሜ የማየው ይህን ነው። ሞተሩ ድምፁ ሳይሰማ ይሠራል፣ ስክሪኑ ላይ ምንም የስህተት ምልክት የለም፣ የመብራት ሒሳቡም ቀንሷል፤ ስለዚህ ባለቤቱ ክሎሪኑ አስመስሎ የተሠራ ነው ብሎ ይደመድምና በላይ በላዩ ያስጨምራል። ምክንያቱ ግን ከክሎሪኑ ጋር አይገናኝም። የፓምፕ ፍጥነት በግማሽ ሲቀንስ የሚገፋው ውሃ በግማሽ፣ ግፊቱ ወደ ሩብ፣ የሚወስደው ኃይል ደግሞ በስሌት ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። 12 ሜትር በ6 ሜትር የሆነና በአማካይ 1.5 ሜትር ጥልቀት ያለው ገንዳ 108 ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል፤ የድሮው ሞተር በደቂቃ 2,850 ዙር እየዞረ በሰዓት 18 ሜትር ኩብ ይገፋ ከነበረ የገንዳውን ያህል ውሃ በ6 ሰዓት ያጣራ ነበር። አዲሱ በ1,425 ዙር ሲሠራ ለዚያው ሥራ 12 ሰዓት ይፈልጋል። ሰዓቱ እጥፍ ቢሆንም ፍጆታው ከድሮው ወደ ሩብ ገደማ ስለሚወርድ (በተግባር ከስሌቱ ትንሽ ከፍ ይላል) ቁጠባው ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ፍጥነቱን ቀንሶ ሰዓቱን እንዳለ መተው ግን ግማሹን ውሃ ሳያጣሩ ማሳደር ነው።

ሰዓቱ የማይጨምረው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ገጣሚው የድሮውን ታይመር ከፓነሉ ውስጥ ሳያወጣ ስለሚሄድ ነው። ፕላስቲኩ ወደ ቢጫ ያደላ፣ ዙሪያውን ትናንሽ ጥርሶች ያሉት ያ ተሽከርካሪ ሰዓት ለ6 ሰዓት እንደ ተሞላ ይቀመጣል፤ ሞተሩ በራሱ ፕሮግራም 12 ሰዓት ሊሠራ ቢፈልግም ታይመሩ ከላይ መብራቱን ይቆርጥበታል። ባትሪ የሌለው ታይመር መብራት በጠፋ ቁጥር አብሮ ስለሚቆም፣ አራት ሰዓት መብራት ከጠፋ አራት ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል፤ በየሰፈሩ መብራት እንደሚጠፋው ከሆነ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀን ይሠራ የነበረው ፓምፕ ሌሊት ሲሠራ ይገኛል። ኢንቨርተሩን (የሞተሩን ፍጥነት የሚቀያይረውን የኤሌክትሮኒክ ክፍል) በየቀኑ ከዋናው መስመር ቆርጦ ማስነሣትም በውስጡ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙትን ካፓሲተሮች ያስረጃል። መፍትሔው ታይመሩን ማውጣት፣ ሞተሩን ከብሬከሩ በቀጥታ ማገናኘትና ሰዓቱን በሞተሩ በራሱ መቆጣጠሪያ መሙላት ነው።

እዚህ ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። ቢሾፍቱ በሚገኝ አንድ ሆቴል ታይመሩን ራሴ ካወጣሁ በኋላ ውሃው ዳግመኛ አረንጓዴ ሆነ ተብዬ ሄድኩ። ከረፋዱ 5 ሰዓት ስደርስ ሞተሩ ቆሟል፤ የገንዳው ሠራተኛ የበተነው ክሎሪን ከመሰላሉ ሥር እንደ ደረቅ ጨው ተከምሮ ከሴራሚኩ ላይ ነጭ ምልክት አውጥቷል። ፕሮግራሙን እንዴት እንደ ሞላው ስጠይቀው በደረት ኪሱ የያዘውን ወረቀት አሳየኝ፤ «ከ2 እስከ 10» ይላል። እሱ ያሰበው ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ነበር፤ ሞተሩ ግን 02:00 እና 10:00 ብሎ ተቀብሎ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተነሥቶ፣ ፀሐይ ክሎሪኑን በምታጠፋበትና እንግዳ በሚገባበት ሰዓት፣ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ይቆማል። በዚያ ላይ ስምንት ሰዓት ለዚያ ገንዳ በግማሽ ፍጥነት አይበቃም። ከዚያ ወዲህ የትም ስገጥም 08:00 ማለት ጠዋት 2 ሰዓት፣ 20:00 ማለት ማታ 2 ሰዓት መሆኑን በትልቁ ጽፌ ከፓምፕ ቤቱ በር ላይ ሳልለጥፍ አልወጣም። ሰውየውን አልወቅሰውም፤ ያላስረዳሁት እኔ ነኝ።

ትክክለኛው ዝቅተኛ ፍጥነት ስንት ነው ለሚል ሰው፣ ከሙሉ ፍጥነት ተነሥቶ 100፣ 100 ዙር እየቀነሱ ስኪመሩን (ከገንዳው ጠርዝ የላይኛውን ውሃና ቆሻሻ የሚስበውን አፍ) ማየት ነው። ውሃው ላይ የተጣለ ቅጠል ወደ ስኪመሩ መሄዱን ሲያቆም ፍጥነቱ ከልክ በላይ ወርዷልና 200 ዙር ያህል መመለስ ይገባል። ክሎሪን ሲጨመርና ገንዳው በቫኪዩም ሲጸዳ ግን ሙሉ ፍጥነት ያስፈልጋል።

የማጣሪያው ጌጅ ሁልጊዜ ዝቅ ብሎ ይታያል

ማጣሪያው ንጹሕ ስለሆነ አይደለም። በሙሉ ፍጥነት 1.2 ባር የሚያሳይ ጌጅ (የግፊት መለኪያ) በግማሽ ፍጥነት 0.3 አካባቢ ስለሚያሳይ፣ ማጣሪያው ቢዘጋም መርፌው የድሮው ቀይ መስመር ላይ አይደርስም። በዚህ ምክንያት ለአራት ወር ባክዋሽ ያልተደረገ (ውሃ በተቃራኒ አቅጣጫ ተነድቶ ያልታጠበ) ማጣሪያ ከፍቼ አሸዋው እንደ ጡብ ደርቆ በመሮ ፈልፍዬ አውጥቻለሁ። ጌጁን ሁልጊዜ በሙሉ ፍጥነት ብቻ ማንበብ ይገባል። ባክዋሽም በዝቅተኛ ፍጥነት አይሆንም፤ አሸዋውን አንሥቶ ለማጠብ በአንድ ካሬ ሜትር የማጣሪያ ስፋት በሰዓት 37 ሜትር ኩብ ገደማ ውሃ ያስፈልጋል። የማጣሪያውን ቫልቭ ወደ ባክዋሽ ለመቀየር ፓምፑ እየሠራ ማዞር የተከለከለ ነው፤ ይህን አሁንም የሚያደርግ ሰው ስላለ ጻፍኩት።

በሙሉ ፍጥነት ጥቂት ሠርቶ ራሱን ያጠፋል

ዘመድ ከአሜሪካ ይዞት በመጣ ሞተር ላይ የሚታይ ነው። እዚያ ከፍተኛው ፍጥነት አብዛኛውን ጊዜ 3,450 ዙር ሲሆን፣ እዚህ ያለው ፓምፕ ኢምፔለሩ (ውሃውን የሚገፋው ተሽከርካሪ) የተለካው ለ2,850 ነው። የፍጥነቱ ልዩነት 21 በመቶ ቢሆንም ሞተሩ ላይ የሚመጣው ጭነት 77 በመቶ ያህል ይጨምራል። ከፍተኛውን ፍጥነት ከመቆጣጠሪያው 2,850 ላይ መገደብ ይበቃል። ዘንጉ ከፓምፑ ጋር መግጠሙን ግን ሳይገዙ በፊት ይለኩ፤ ሳይለካ የመጣን ዘንግ በቶርኖ አስተካክላለሁ የሚልን ሰው አልመክርም። ፍጥነቱ ትክክል ሆኖም የሚጠፋ ከሆነ ሙቀት ነው፤ ከአዲስ አበባ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ በመሆኑ ሞተር እንደ ቆላ አይቀዘቅዝም። አንድ ጥበቃ ዝናብ እንዳይነካው ብሎ ሞተሩን በላስቲክ ጠቅልሎት አግኝቻለሁ።

ከሞተሩና ከፓምፑ መጋጠሚያ ሥር ውሃ ጠብ ጠብ ይላል

ውሃ በዘንጉ በኩል ወደ ሞተሩ እንዳያልፍ የሚያግደው የድሮው «ሲል» (ማሸጊያ) «ገና ነው» ተብሎ ተመልሶ ገብቷል። ይህን ያህል ዋጋ ባለው ሞተር ላይ የጣት ያህል ዕቃ መቆጠብ ለምን እንደሚያስፈልግ እስካሁን አልገባኝም። አዲስ «ሲል» ይግባ፤ የሚነካኩት ሁለት ፊቶቹ ግሪስም ሆነ የጣት ወዝ አይንካቸው። ጠብታው ችላ ከተባለ ወደ ፊተኛው ኩሽኔታ ይገባል፣ ሞተሩም መጮኽ ይጀምራል።

የክሎሪን ማምረቻው ወይም ማሞቂያው «ፍሰት የለም» ይላል

ፍጥነቱን ከፍ ማድረግ ነው።

የሞተሩ የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ ላይ አረንጓዴ ዝገት

የክሎሪን በርሜልና የአሲድ ጀሪካን ከሞተሩ አጠገብ ይቀመጣሉ ማለት ነው። ሁለቱን ከፓምፕ ቤቱ ያውጡ፣ እርስ በርሳቸውም አያጎራብቷቸው፤ ሲገናኙ መርዛም ጋዝ ያወጣሉ። ክዳኑን ለመክፈት ብሬከሩን ካጠፉ በኋላ በመመሪያው ላይ የተጻፈውን ደቂቃ ይጠብቁ፤ ካፓሲተሩ መብራት ከጠፋም በኋላ ይመታል።

የኤሌክትሪክ ፍሳሽ መከላከያው ብሬከር አልፎ አልፎ ይወድቃል

ኢንቨርተር ወደ መሬት መስመር የሚለቀው ጥቂት ፍሳሽ ስላለ የድሮው ዓይነት መከላከያ ሊታወክ ይችላል። አምራቹ ለኢንቨርተር ያዘዘውን ዓይነት በኤሌክትሪክ ባለሙያ ያስቀይሩ፣ የመሬት መስመሩንም ያስለኩ። በብሬከሩ ፈንታ ሽቦ አገናኝቶ የሄደ ገጣሚ አጋጥሞኛል፤ ገንዳው ውስጥ በዚያን ሰዓት ልጆች ይዋኙ ነበር። ሽቦውን ከማውጣቴ በፊት ያደረግኩት ልጆቹን ከውሃ ማስወጣት ነበር።