አንዱ ገጽ አጊጦ ሌላው ሲራቆት፦ የሲኤስኤስ ፋይል የሚጠፋበት ምክንያትና መፍትሄው

የክፍሎች ዝርዝር ገጹ ያማረ ነበር። ከዝርዝሩ ክፍል 12ን ስጫን ግን የወጣው ነጭ መደብ ላይ የተደረደረ ጥቁር ጽሑፍ፣ ከሥራቸው የተሰመረባቸው ሰማያዊ ሊንኮችና ከስክሪኑ አልፎ የሄደ የአልጋ ፎቶ ነው። ይህ የገጠመኝ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ለሚገኝ አንድ የእንግዳ ማረፊያ የክፍል ማስያዣ ስሠራ ነው። ከዚያ ወዲህ ፕሮግራም የሚማሩ ወጣቶች ይኸንኑ ችግር ይዘው ሲመጡ ደጋግሜ አይቻለሁ። አብዛኞቹ መጀመሪያ የሚያደርጉት የሲኤስኤስ ፋይሉን፣ ማለትም የገጹን ቀለምና አቀማመጥ የሚወስነውን፣ ከፍቶ ቀለሞቹን መቀያየር ነው። እባካችሁ አትንኩት። ፋይሉ ጤነኛ ነው፤ ችግሩ ብራውዘሩ ዘንድ አለመድረሱ ነው።

ስለዚህ ብራውዘሩን ጠይቁት። ኤፍ 12ን ተጭናችሁ የኔትወርክ ክፍሉን ክፈቱ፤ ገጹን እንደገና ጫኑትና የሲኤስኤስ ፋይሉን ረድፍ ፈልጉ። የምታዩት ሦስት ነገር ነው፦ ብራውዘሩ የጠየቀው ሙሉ አድራሻ፣ ሰርቨሩ የመለሰው ቁጥርና የመጣው ይዘት ዓይነት። ረድፉ ጭራሽ ከሌለ፣ ፋይሉን ወደ ገጹ በሚጠራው ሊንክ ታግ ውስጥ ፋይሉ ስታይልሺት መሆኑ አልተገለጸም፣ ወይም ታጉ ራሱ ወደዚያ ገጽ አልገባም ማለት ነው።

ቁጥሩ 404 ነው፣ አድራሻው ውስጥም ያልጻፋችሁት ፎልደር ገብቷል

404 ማለት ሰርቨሩ የተጠየቀውን ፋይል አላገኘውም ማለት ነው፤ ከሁሉም የሚበዛው ይህ ነው። ስሞቹን በአማርኛ ላስቀምጣቸው። ሊንኩ ላይ የጻፍኩት «ስታይል/ዋና.ሲኤስኤስ» ነበር። ገጹ «/ክፍሎች» ላይ ሲከፈት ብራውዘሩ «/ስታይል/ዋና.ሲኤስኤስ»ን ጠየቀ፤ አገኘም። «/ክፍሎች/12» ላይ ሲሆን ግን የጠየቀው «/ክፍሎች/ስታይል/ዋና.ሲኤስኤስ»ን ነው፤ እንዲህ ያለ ፋይል የለም። ከ«/ክፍሎች» መጨረሻ ላይ አንዲት ስላሽ ብትጨመር እንኳ የዝርዝር ገጹም እንደ ክፍል 12 ፋይሉን ያጣል።

አንድ እንግዳ ከዚራ ቆሞ መንገድ ቢጠይቃችሁና «የደቻቱን ድልድይ ተሻገር» ብትሉት መጋላ ይደርሳል። ያችኑ ምሪት መጋላ ለቆመ ሰው ብትሰጡት ከዚራ ታወጣዋለች። ቃሉ አንድ ነው፤ የተለየው ሰውየው የቆመበት ቦታ ነው። «ከምድር ባቡር ጣቢያው ተነስተህ» ብላችሁ ከጀመራችሁ ግን የትም ይቁም የት መድረሻው አይለወጥም።

ብራውዘሩ የቆመው አድራሻ መጻፊያው ላይ በሚታየው ቦታ ነው። የገጹ ቴምፕሌት (ገጹ የሚሠራበት ንድፍ) ሰርቨሩ ውስጥ በየትኛው ፎልደር እንደተቀመጠ አያውቅም፣ ሊያውቅም አይችልም። ከቴምፕሌቱ ፎልደር ተነስቶ ነጥብ ነጥብ እየጻፉ ወደ ላይ መውጣት የማይሠራውም ለዚህ ነው። ጃቫ ላይ ደግሞ ሰርቭሌቱ (ጥያቄውን የሚቀበለው ፕሮግራም) ጥያቄውን ወደ ጄኤስፒ ገጽ (ኤችቲኤምኤሉን ወደሚያዘጋጀው ቴምፕሌት) ሲያስተላልፍ አድራሻው የሰርቭሌቱ እንደሆነ ይቆያል፤ ጄኤስፒው ከሲኤስኤሱ አጠገብ ቢቀመጥም አይጠቅምም።

የመጀመሪያው መፍትሄ አድራሻውን በስላሽ መጀመር ነው፦ «/ስታይል/ዋና.ሲኤስኤስ»። ይህ በራሳችሁ ኮምፒውተር ይሠራል፤ ሰርቨር ላይ ሲጫን ግን ሊከዳችሁ ይችላል። ስላሿ የምታመለክተው የመላውን ድረ ገጽ ሥር እንጂ የእናንተን መተግበሪያ ሥር አይደለም። ቶምካት በሚባለው የጃቫ ሰርቨር ላይ መተግበሪያው «/ማስያዣ» በሚል ስም ከተጫነ ትክክለኛው አድራሻ «/ማስያዣ/ስታይል/ዋና.ሲኤስኤስ» ይሆናል። ይህን ስም በእጅ መጻፍ ደግሞ ነገ ስሙ ሲቀየር ሁሉንም ገጽ ማረም ነው። አድራሻውን መተግበሪያውን የሠራችሁበት ፍሬምወርክ ይሥራው፦ በጄኤስፒ ኮንቴክስት ፓዙን (መተግበሪያው የተጫነበትን ስም) ከጥያቄው አንብባችሁ ከፊት ቀጥሉት፤ በጃንጎ ስታቲክ የሚባለውን ታግ፣ በላራቬል አሴት የሚባለውን ፈንክሽን፣ በፍላስክ ዩአርኤል ፎር የሚባለውን ተጠቀሙ። ፋይሉን ዌብ ኢንፍ በሚባለው የጃቫ መተግበሪያ ፎልደር ውስጥ ካስቀመጣችሁት ግን አድራሻው የቱንም ያህል ቢስተካከል አይገኝም፤ ያ ፎልደር ለብራውዘር ዝግ ነው።

ቁጥሩ 200 ነው፣ ገጹ ግን እንደተራቆተ ነው

200 ማለት ሰርቨሩ ጥያቄውን በደህና መልሻለሁ ማለቱ ነው፤ ስለዚህ የይዘቱን ዓይነት ተመልከቱ። «ቴክስት/ሲኤስኤስ» መሆን ሲገባው «ቴክስት/ኤችቲኤምኤል» ካለ፣ የመጣውን ምላሽ ክፈቱና አንብቡት። እኔ ስከፍተው ያገኘሁት የመግቢያ ገጹን ነበር፤ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል መሙያው ሳይቀር። ሰርቨሩ ላይ ያለው ማጣሪያ በመለያው ያልገባን ሰው ሁሉ ወደ መግቢያው ይመልሳል፤ የሲኤስኤሱንም ጥያቄ አብሮ መለሰው። ከፊቱ 302 (ወደ ሌላ አድራሻ ሂድ ማለት ነው) የሚል ረድፍ መታየቱ አንዱ ማስረጃ ነው። ሌላው ይበልጥ ግልጽ ነው፦ መግቢያ ገጹ ራቁቱን ነው፣ ከገባችሁ በኋላ ግን ሁሉም ያምራል።

መፍትሄው የስታይል፣ የምስልና የጃቫስክሪፕት ፎልደሮችን ከማጣሪያው ነጻ ማድረግ ነው። የጃቫው ስፕሪንግ ሴኩሪቲም ሆነ በእጅ የተጻፈ ፊልተር ይህን ይፈቅዳል። አንዳንዶች ሲቸግራቸው ማጣሪያውን ከነጭራሹ ያነሱታል፤ የእንግዶች ስምና ስልክ ያለበትን ሥርዓት ለቀለም ሲባል ክፍት መተው ግን በደል ነው።

በእኔ ኮምፒውተር ይሠራል፣ ሰርቨሩ ላይ አይሠራም

ዊንዶውስ ትልቁንና ትንሹን የእንግሊዝኛ ፊደል አይለይም፤ ሊኑክስ ይለያል። የፋይሉን ስምና ሊንኩን ፊደል በፊደል አስተያዩ፤ ከአሁን በኋላም ሁሉንም በትንሹ ጻፉ። ጃንጎ ከሆነ፣ የዲበግ (ስህተት መፈለጊያ) ቅንብሩ ሲጠፋ ስታቲክ ፋይሎችን፣ ማለትም ሲኤስኤስና ምስል የመሳሰሉትን፣ ማቅረብ ያቆማል፤ ኮሌክትስታቲክ የሚለውን ትእዛዝ አስኬዱና ፋይሎቹን ዌብ ሰርቨሩ እንዲያቀርብ አድርጉ። ገጹ በኤችቲቲፒኤስ፣ የሲኤስኤሱ ሊንክ በኤችቲቲፒ ከሆነ ደግሞ ብራውዘሩ ያግደዋል።

ቀይሬዋለሁ፣ የሚታየው ግን የድሮው ነው

ብራውዘሩ ያስቀመጠውን ቅጂ እያሳያችሁ ነው። ኮንትሮልና ኤፍ 5 ለእናንተ ይበቃል፤ ደንበኛችሁን ግን «ይህን ተጫን» ልትሉት አትችሉም። ከፋይሉ ስም ቀጥሎ የጥያቄ ምልክትና የእትም ቁጥር ጨምሩ፤ በለወጣችሁት ቁጥር እሱንም ለውጡ። ብራውዘሩ ቅጂ እንዳያስቀምጥ ፈጽሞ መከልከልን አልመክርም፦ ክፍል የሚያስይዘው ሰው በሞባይል ዳታ ነው የሚገባው፤ ያንኑ ፋይል በየገጹ ማስወረድ ገንዘቡን መብላት ነው።

ሁሉን ካስተካከላችሁ በኋላ ከመለያችሁ ውጡና በሌላ ስልክ ሁለት ገጽ ክፈቱ፦ አድራሻው ከሁሉም የረዘመውንና የመግቢያ ገጹን።