የእሳት ማጥፊያ ፓምፕ እንዴት ይፈተሻል?

የእሳት ማጥፊያ ፓምፕ ለወራት ቆሞ ከርሞ፣ በመስመሩ ውስጥ ያለው የውኃ ግፊት በድንገት ሲወርድ ማንም ሳይነካው ተነሥቶ በሙሉ ኃይሉ እንዲሠራ የሚጠበቅ ማሽን ነው። በአዝራር ተጭኖ ማስነሣት ሞተሩ ደኅና መሆኑን ያሳያል፤ ግፊት መውረዱን ለፓነሉ (ፓምፑን ለሚያስነሣውና ለሚቆጣጠረው የኤሌክትሪክ ሣጥን) የሚያሳውቀው ክፍል ግን ሳይፈተን ይቀራል። ስለዚህ ከዚህ በታች የተገለጸው ሙከራ ሁልጊዜ የሚጀመረው ግፊቱን በማውረድ ነው።

በየሳምንቱ የሚደረገው ምልከታ አጭር ነው። የክፍሉ ሙቀት ከ4 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች አለመውረዱ፣ የመምጠጫውና የመውጫው ቫልቮች ሙሉ በሙሉ መከፈታቸው፣ የሙከራ መስመሩ ቫልቭ መዘጋቱ፣ የውኃ ማጠራቀሚያው መሙላቱ፣ የፓነሉ የኃይል መብራት መብራቱና ማዞሪያው «አውቶማቲክ» ላይ መሆኑ ይታያል። በናፍጣ ለሚሠራ ፓምፕ የነዳጁ ታንከር ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው መሙላት አለበት፤ የሞተር ዘይቱ፣ የማቀዝቀዣው ውኃና የባትሪዎቹ ቮልቴጅም ይነበባል። ሞተር አልነሣ ሲል በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ባትሪ ስለሆነ፣ የባትሪው ተርሚናሎች ዝገት ይዘው እንደሆነ ቀርቦ ማየት ይገባል።

ውኃ ሳይለቀቅ የሚደረገው ሙከራ በኤን.ኤፍ.ፒ.ኤ. 25 (የአሜሪካው ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር የፍተሻና የጥገና ደረጃ) መሠረት ለናፍጣ ፓምፕ በየሳምንቱ ለ30 ደቂቃ፣ ለኤሌክትሪክ ፓምፕ ደግሞ በአብዛኛው በየወሩ ለ10 ደቂቃ ይካሄዳል። አስቀድሞ የማንቂያ ደወሉን ለሚከታተሉት ሰዎች ማሳወቅ የግድ ነው። ከዚያም ወደ ፓነሉ ከሚሄደው ቀጭን የግፊት ቱቦ ላይ ያለው ማፍሰሻ ቀስ ብሎ ይከፈታል፤ መጀመሪያ የመስመሩን ግፊት ጠብቃ የምታቆየው ትንሿ ጆኪ ፓምፕ፣ ግፊቱ ይበልጥ ሲወርድ ደግሞ ዋናው ፓምፕ ይነሣል። ሁለቱም የተነሡበት ግፊት በቁጥር ይመዝገብ። «በደንብ ተነሥቷል» ብሎ መጻፍ ለሚቀጥለው ፈታሽ ምንም አይጠቅመውም።

ፓምፑ እየሠራ ሳለ ክፍሉን ጥሎ መሄድ አይገባም። የዘንጉ መውጫ ፓኪንግ (ውኃ በዘንጉ ዙሪያ እንዳይፈስ የሚጠቀጠቅ ገመድ መሳይ ማሸጊያ) ካለው፣ በሰከንድ አንድ ጠብታ ያህል ውኃ ማንጠባጠብ አለበት። ደርቆ ሲያዩት የሚደሰቱ አሉ፤ ነገር ግን ፓኪንጉንና ዘንጉን የሚያቀዘቅዘው ይኸው ውኃ ነው። ጠብታው ከበዛ ወይም ከጠፋ፣ የማጥበቂያው ብሎኖች ፓምፑ እየዞረ በግራም በቀኝም እኩል፣ በጥቂት በጥቂቱ ይስተካከላሉ። በኤሌክትሪክ ፓምፕ ላይ ደግሞ ከአነስተኛው የማቀዝቀዣ ቫልቭ ውኃ መፍሰስ አለበት፤ ካልፈሰሰ በፓምፑ ሆድ የታመቀው ውኃ እየጋለ ይሄዳል።

በዓመት አንድ ጊዜ ውኃ ተለቆ ይለካል። መለኪያው ያለ ፍሰት፣ በተመደበው ፍሰትና በተመደበው ፍሰት 150 በመቶ ላይ ይወሰዳል። ለምሳሌ በደቂቃ 2,000 ሊትር በ8 ባር እንዲሰጥ የተሠራ ፓምፕ ለግዢ ሲታዘዝ የሚጠበቅበት፣ ያለ ፍሰት ከ11.2 ባር እንዳይበልጥና በ3,000 ሊትር ላይ ከ5.2 ባር እንዳያንስ ነው። በየዓመቱ የሚገኘው ውጤት ግን ፓምፑ አዲስ ሳለ ከተመዘገበው ጋር መነጻጸር አለበት፤ ከዚያ 95 በመቶ በታች ከወረደ ምክንያቱ ይመረመራል። የሞተሩም ፍጥነት አብሮ ይለካ፤ ግፊት ከፍጥነት ካሬ ጋር ስለሚሄድ፣ በደቂቃ 3,000 ዙር መዞር ሲገባው 2,850 የዞረ ፓምፕ ራሱ ምንም ሳይጎዳ ግፊቱ 10 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ይህ ሳይታሰብ ፓምፑን መፍታት ከንቱ ድካም ነው።

ሙከራው ሲያበቃ ፓምፑ ከፓነሉ ላይ በእጅ ይጠፋል። ብዙ ጊዜ ስሕተት የሚፈጠረውም እዚህ ላይ ነው፦ ማዞሪያው «ዝግ» ላይ እንደቀረ በሩ ተቆልፎ ይኬዳል። ስለዚህ ማዞሪያው ወደ «አውቶማቲክ» ከተመለሰና የሙከራው ቫልቭ ከተዘጋ በኋላ፣ ጆኪ ፓምፑ ግፊቱን ሞልቶ በራሱ እስኪቆም ይጠበቃል። ማዞሪያውንም ሙከራውን ያላካሄደ ሌላ ሰው አንብቦ በመዝገቡ ላይ ይፈርማል።