ውሃው ሲጠራ ዓሣው ለምን እምቢ ይላል?

ክረምቱ አልፎ መገጭና ወደ ጣና የሚወርዱት ሌሎች ወንዞች ጭቃቸውን ሲጥሉ ነጭ ዓሣው (ባርበስ የሚባለው) በዓይን ይታያል። ይታያል እንጂ አይያዝም። በድፍርሱ ጊዜ በትል ስታወጡት የነበረውን ዓሣ አሁን ደጋግማችሁ ብትወረውሩለት ዞር ብሎ አያይም። እኔ የማጠምደው በሸንበቆ ዘንግና መንጠቆ ላይ ከዶሮ ላባ በተሠራ የውሸት ዝንብ ነው። ዘዴው ትራውት የሚባለውን የቀዝቃዛ ውሃ ዓሣ በሚያጠምዱ ዘንድ የታወቀ ነው፤ ትራውት በባሌ ተራሮች ወንዞች ውስጥ ይገኛል፣ እኛ ጎንደሮች ግን የለንም። ነጭ ዓሣም ነፍሳት ስለሚበላ የላባውን ዝንብ ይቀበላል።

ገና ሳልወረውር ይሸሻል

አብዛኛው ሰው የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው፤ ጥፋቱንም በማጥመጃው ያሳብባል። ዓሣው ያየው ግን እናንተን ነው። ብርሃን ውሃ ውስጥ ሲገባ ስለሚታጠፍ፣ ዓሣ ከላይ ያለውን ዓለም የሚያየው ከራሱ በላይ ባለ ክብ መስኮት ነው። ቆሞ የሚሄድ ሰው በዚያ መስኮት ውስጥ ጉልህ ሆኖ ይገባል፤ ወደ መሬት የተጠጋ ነገር ግን በጠርዙ ላይ ተጨፍልቆ ይጠፋል። ስለዚህ ተንበርከኩ። ነጭ ጋቢያችሁን አውልቃችሁ ዛፍ ሥር አስቀምጡ። ዓሣ ፊቱን ወደሚመጣው ውሃ አዙሮ ስለሚቆም ከታች ወደ ላይ ቅረቡት፤ ጥላችሁም ከፊታችሁ እንዳይቀድም ፀሐዩን ተመልከቱ።

ሌላው ኮቴ ነው። በዓሣው ጎን ከራሱ እስከ ጅራቱ የሚዘልቅ ንዝረት የሚሰማበት መስመር አለ፤ ድንጋይ ስትረግጡና ድንጋዩ ሲንገጫገጭ በዚያ ይደርሰዋል። ቦታችሁን ከያዛችሁ በኋላ አሥር ደቂቃ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። እኔ ይህን ከለመድኩ ወዲህ ሸሽቶ የነበረ ዓሣ ወደ ቦታው ሲመለስ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ወደ ውሃው መግባት ካለባችሁም ቡትስ አድርጉ፤ በአካባቢያችን ቢልሃርዝያ አለና በባዶ እግር አትግቡ።

ዝንቡ አጠገብ ደርሶ ይመለሳል

ከዝንባችሁ ጎን የሚሄድ አንድ የአረፋ ነጠብጣብ ምረጡና ሁለቱን አብራችሁ ተከተሉ። ዝንቡ አረፋውን ከቀደመ ወይም ወደ ጎን ከሄደ ክሩ እየጎተተው ነው። መሀል ላይ ያለው ፈጣን ውሃ ክሩን ይዞ ይሮጣል፣ ዝንቡም ይከተለዋል። እውነተኛ ነፍሳት እንዲህ ስለማይሄዱ ዓሣው ይጠራጠራል። መፍትሄው የሸንበቆውን ጫፍ ከፍ አድርጎ ክሩን ከውሃው ማንሳት ነው፤ ውሃው ላይ ዝንቡና ከእሱ አጠገብ ያለው ጥቂት ክር ብቻ ይረፍ። ዘንጉ ካልደረሰላችሁ አንድ እርምጃ ጠጋ በሉ እንጂ ክር አታርዝሙ።

አረፋውና ዝንቡ እኩል እየሄዱም ዓሣው ከተመለሰ ክሩ ወፍራም ነው። መጨረሻ ላይ 0.18 ወይም 0.20 ሚሊ ሜትር የሆነ ናይለን አንድ ሜትር ያህል ቀጥሉበት።

ነከሰ፣ ሳብኩ፣ ባዶ ሆነ

መንጠቆውን በአውራ ጣት ጥፍራችሁ ላይ በቀስታ ሳቡት። ከተንሸራተተ ደንዟል፤ በጥሩ ሞረድ ሳሉት። ጥፍሩን ከያዘ ችግሩ ችኮላችሁ ነው፤ አፉ እስኪዘጋ ጠብቁ።

ክሩ ይበጠሳል

ጫፉን አንስታችሁ እዩት። እንደ ሐረግ ጫፍ ተጠቅልሎ ከመጣ አልተበጠሰም፣ ቋጠሮው ተፈትቶ ነው። እንደገና ስትቋጥሩ ጫፉን በክሩ ላይ አምስት ወይም ስድስት ጊዜ ጠምዝዙ፣ ከማጥበቃችሁ በፊትም በምራቅ አርጥቡት፤ ናይለን በደረቁ ሲጠብቅ በፍትጊያው ይሞቅና ይዳከማል። ጫፉ ሻካራ ከሆነ ድንጋይ ፍቆታል ማለት ነው። ፀሐይ ላይ የከረመ ክር ከሆነ ግን ጣሉት፤ ወንዙ ውስጥ ሳይሆን ቤት ወስዳችሁ።

ቦታው ጥሩ ነው፣ ዓሣ ግን የለም

ይህ በእጃችሁ የሚፈታ ችግር አይደለም፤ ለእኔ ከሁሉም የሚያመኝ እሱ ነው። ዓሣ የሚመርዘው የብርብራ ዛፍ ፍሬ ተወቅጦ የተበተነበት ውሃ ትልቁንም ትንሹንም ይጨርሳል። ከጣና የሚመጣው ነጭ ዓሣ ደግሞ እንቁላሉን ለመጣል ወደ ወንዞቹ የሚወጣው በክረምት ነው። በወንዙ አፍ ላይ መረብ ከተዘረጋ የሚጠፋው እናቲቱ ብቻ ሳትሆን የምትጥለው ሁሉ ነው። በሞተር ጀልባና በናይለን መረብ ማጥመድ በጣና ላይ ከተጀመረ ከ1978 ዓ.ም ወዲህ በእነዚህ ዓሦች ላይ የደረሰውን ጉዳት የሐይቁ አጥማጆች ራሳቸው ያውቁታል።

እኔ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ዘንጌን አላነሳም። ከዚያ በኋላም ሆዷ ያበጠ፣ ስትነካ እንቁላል የምታፈስ ዓሣ ብትይዙ መጀመሪያ እጃችሁን አርጥቡ፤ ደረቅ እጅ የሚሸፍናትን ልጋግ ይልጣል። መንጠቆውን ውሃው ውስጥ እንዳለች አውጡና ፊቷን ወደሚመጣው ውሃ አዙራችሁ ከሆዷ በታች ደግፏት። ጅራቷ መዳፋችሁን መታ ሲያደርግ ልቀቋት።