ቅጠሉ አረረ፣ መሀሉ ጥሬ ነው፦ የኦቨን ጥብስ ችግሮችና መፍትሄዎች

እዚህ የማወራው ሳይቆራረጥ ኦቨን ውስጥ ስለሚገባ፣ በጥብስ ቅጠል፣ በጦስኝና በነጭ ሽንኩርት ስለሚሸፈን የበሬ ሥጋ ነው። ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ኪሎ የሚሆን አንድ ወፍራም ቁራጭ በቂ ነው።

ሽፋኑ ጠቁሮ መረረ፣ መሀሉ ግን ገና ነው

ብዙ ሰው የሚማረርበት ይሄ ነው። ምክንያቱ ቅጠሉና ሥጋው እኩል አለመብሰላቸው ነው። ወፍራም ሥጋ አንድ ሰዓትና ከዚያም በላይ ይፈልጋል። የተከተፈ ነጭ ሽንኩርትና ቅጠል ግን በ200 ዲግሪ ያን ያህል አይቆዩም፣ ያርራሉ። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጡ ትንንሽ ኦቨኖች ደግሞ ነገሩን ያብሱታል፤ የላይኛው ማሞቂያ ሥጋው አናት ላይ ነው ያለው።

ስለዚህ ቅጠሉን መጨረሻ ላይ አድርጉት። መጀመሪያ ሥጋውን በጨውና በቁንዶ በርበሬ ብቻ አሽታችሁ በ130 ዲግሪ ቀስ ብሎ ይብሰል። መሀሉ 50 ዲግሪ ሲደርስ አውጡት፤ ሰናፍጭ ቀብታችሁ ቅጠሉን ለጥፉበት። ኦቨኑ 220 ከደረሰ በኋላ መልሱት፤ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃዋል። ኦቨናችሁ ትንሽ ከሆነ የታችኛው እርከን ላይ አድርጉት። ቶሎ መጥቆር ከጀመረ ፎይል ጣል አድርጉበት።

ሲቆረጥ ሽፋኑ ተላጦ ይወድቃል

ሥጋው እርጥብ ነበር፣ ወይም ማጣበቂያው ቀጥኗል። ለክትፎና ለጥሬ ሥጋ ማጥቀሻ እንደሚበጠበጠው ቀጭን ሰናፍጭ እዚህ አይሆንም፤ ወፈር አድርጋችሁ በጥቂት ውሃ ለውሱት። ሥጋውን ማታ ጨው ነስንሳችሁ ሳትሸፍኑ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት፣ ላዩ ይደርቃል። የጥብስ ቅጠሉን እንጨት አውጡና ቅጠሉን አድቅቁት፤ ረጃጅሙ አይጣበቅም፣ ጥርስ ውስጥም ይገባል። ትንሽ የደረቀ ዳቦ ፍርፋሪና ለጋ ቅቤ ቢጨመርበት ይይዛል። የተነጠረ ቅመም ያለው ቅቤ ግን ባይገባ እመርጣለሁ። ኮረሪማው የጦስኙን ሽታ ይውጠዋል።

ሥጋው ጎማ ሆነ

መጀመሪያ በሬው መቼ እንደታረደ ጠይቁ። ጡንቻው ከታረደ ከሰዓታት በኋላ ይደርቃል፣ እንደገና ለመላላት ቀን ይፈልጋል። የቅርጫ ሥጋ በዚያው ቀን ኦቨን ከገባ ማኘኩ ሥራ ነው። ፍሪጃችሁ 4 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ሁለት ቀን አቆዩት።

ሁለተኛው የብልት ምርጫ ነው። ለዚህ ጥብስ ጭቅና ወይም ሽንጥ ያዙ። ወርችና ፍሪምባ ጅማት ስለሚበዛባቸው በዚህ መንገድ አይለሰልሱም። እነሱን ክዳን ባለው ድስት፣ ትንሽ ውሃ ጨምራችሁ በ150 ዲግሪ ሦስት ሰዓት ያህል ተዉአቸው። ሲቆረጥም ክሮቹ የሚሄዱበትን አቅጣጫ አይታችሁ አግድም ቁረጡ።

ደረቀ

መሀሉ ከ70 ዲግሪ አልፏል ማለት ነው። በሰዓት መገመት እዚህ ላይ አያዋጣም፤ የአንዱ ቤት ኦቨን ከሌላው ይለያል። መሀሉ ላይ የሚሰካ የምግብ ቴርሞሜትር ግዙ። ልክ መሆኑን በፈላ ውሃ ስትፈትሹ አዲስ አበባ ላይ 100 አትጠብቁ፤ ከተማዋ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። በረዶ በበዛበት ውሃ ግን የትም ቢሆን ዜሮ ማሳየት አለበት።

መሀሉ ቀላ፣ ሳህኑ ላይም ደም መሰለ

ደም አይደለም። ሥጋውን የሚያቀላው ፕሮቲን ከውሃ ጋር ወጥቶ ነው። ከኦቨን እንደወጣ ሳይቆረጥ 15 ደቂቃ ይረፍ፣ የሚፈሰው ይቀንሳል። ፎይል ጠበቅ አድርጋችሁ አትጠቅልሉት፤ በእንፋሎቱ ሽፋኑ ይላቁጣል።

ኮሶ የሚያሰጋው ሰው ግን ቀለሙን ሳይሆን ዲግሪውን ይመልከት። የአሜሪካ የምግብ ደህንነት መመሪያ ላልተፈጨ የበሬ ሥጋ የሚለው 63 ዲግሪ ደርሶ ቢያንስ 3 ደቂቃ እንዲያርፍ ነው። እዚያ ላይ ሥጋው ሮዝ ነው፣ ገና ጭማቂ አለው። ካልደረሰ ወደ ኦቨኑ መልሱት።

መሀል ላይ መብራት ጠፋ

ቶሎ ይመጣል ብላችሁ ካሰባችሁ የኦቨኑን በር አትክፈቱ፣ ሙቀቱን ይይዛል። ግማሽ ሰዓት ካለፈ ወፍራም ድስት ውስጥ ክደኑትና በጋዝ ወይም በከሰል አነስተኛ እሳት ጨርሱት። ቅጠሉን ካልለጠፋችሁበት እሰየው፤ በለጋ ቅቤ ጠበስ አድርጋችሁ ከላይ ነስንሱት።