የትዳርን ጥራት እንዴት እንለካለን? ለመስክ ተመራማሪዎች

መጀመሪያ የምትለኩትን ለዩ። ባልና ሚስት ምን ያህል ይጨቃጨቃሉ የሚለው አንድ ነገር ነው፤ በትዳራቸው ምን ያህል ረክተዋል የሚለው ሌላ። ተመራማሪው ግሬሃም ስፓኒየር በ1976 እ.ኤ.አ. ያወጣው ባለ 32 ጥያቄ መለኪያ ስምምነትን፣ እርካታን፣ መቀራረብንና ፍቅር መግለጽን ደምሮ እስከ 151 ነጥብ ይሰጣል። ጥሩ መለኪያ ነው፤ ነገር ግን «ጭቅጭቅ እርካታን ይቀንሳል ወይ?» ለሚል ጥናት አይሆንም። ጭቅጭቁ ራሱ ነጥቡ ውስጥ ስላለ አንድን ነገር ከራሱ ጋር ታወዳድራላችሁ።

እርካታን ብቻ ለሚፈልግ ባለ ሦስት ጥያቄው የካንሳስ መለኪያ ይበቃል፦ በትዳርዎ፣ በባለቤትዎ፣ ከባለቤትዎ ጋር ባለዎት ግንኙነት ምን ያህል ረክተዋል? መልሱ ለእያንዳንዱ ከ1 እስከ 7፣ ድምሩ ከ3 እስከ 21 ነው።

በአማርኛ ሦስተኛው ጥያቄ ያስቸግራል። ስለ ባልና ሚስት ሲወራ «ግንኙነት» የሚለውን ብዙ ሰው ግብረ ሥጋ ብሎ ይረዳዋል፤ ወይ አፍሮ ይዘለዋል፣ ወይ ያልተጠየቀውን ይመልሳል። «አብሮ መኖራችሁና መግባባታችሁ» ቢባል ይሻላል። ትርጉሙን ዋናውን ያላየ ሰው ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰው። ከዚያ ለጥቂት ባለትዳሮች አንብቡና «ምን የተጠየቁ መሰለዎት?» በሉ። ስህተቱ የሚወጣው እዚህ ነው።

ባልና ሚስትን በአንድ ሰዓት፣ በተለያየ ክፍል፣ በሁለት ጠያቂ ጠይቁ። አንዱ ቀድሞ ከጨረሰ ለሌላው ይነግራል። አማት ወይም ልጅ አጠገብ ካለ ደግሞ ማንም ገመናውን አያወጣም። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን» ካሏችሁ 7 ብላችሁ አትሙሉ፤ ይህ የሰላምታ መልስ ነው። ሰባት ደረጃ ያለው መሰላል ሥላችሁ ስጡና ራሳቸው ምልክት አድርገው ፖስታ ውስጥ ይክተቱት። በሁለቱም ፖስታ ላይ የጥንዶቹ መለያ ቁጥር ይጻፍ፣ ስም አይጻፍ።

የሁለቱን ነጥብ አማካይ ብቻ አትውሰዱ። እሱ 21፣ እሷ 9 ቢሰጡ አማካዩ 15 ነው፤ ሁለቱም 15 የሰጡበት ቤትም አማካዩ 15 ነው። እሷ የተናገረችው በስሌቱ ጠፋ ማለት ነው! 100 ጥንድንም እንደ 200 የማይገናኙ ሰዎች አትቁጠሩ፤ የአንዱ መልስ ከሌላው ጋር የተያያዘ ነው።

አቅም ካለ ማየትም ይጨመር። የትዳር ተመራማሪው ጆን ጎትማንና ባልደረቦቹ አሜሪካ ውስጥ ጥንዶች የማይስማሙበትን ጉዳይ ለ15 ደቂቃ ሲነጋገሩ በቪዲዮ ቀርጸው ፈገግታውን፣ ንቀቱን፣ ራስን መከላከሉን እየለዩ መዝግበዋል። በጸኑት ትዳሮች ውስጥ፣ ክርክር ላይ እያሉም፣ ለአንድ ክፉ ምላሽ አምስት ያህል በጎ ምላሽ አግኝተዋል። ይህን ስትሠሩ ሁለት መዝጋቢ ለየብቻ ይመዝግብ። የጥንዶቹን የመጠይቅ ነጥብ ግን አታሳዩአቸው፤ ዝቅተኛ ነጥብ ያየ መዝጋቢ ዝምታውን ሁሉ ኩርፊያ ብሎ ይጽፈዋል።