«እሳቴን ጠብቁ»፦ በምናባዊ የሚና ጨዋታ ዓለም ውስጥ በአንድ እምነት መካከል የሚነሣን ክርክር እንዴት መገንባት ይቻላል

የሚና ጨዋታ ማለት እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገጸ ባሕርይ ይዞ፣ ጨዋታ መሪው በሚተርከው ዓለም ውስጥ ድርጊቱን የሚናገርበት፣ ውጤቱም በሚጣል ባለ ቁጥር ጠጠር (ዳይስ) የሚወሰንበት ጨዋታ ነው። ለሚና ጨዋታ ዓለም የሚፈጥሩ ሰዎች ሃይማኖትን ሲያስቡ በአብዛኛው የሚጀምሩት ከአማልክት ዝርዝር ነው፤ የጦርነት፣ የባሕርና የሞት አምላክ እያሉ ይደረድሩና ግጭቱን በእነዚህ አማልክት ተከታዮች መካከል ያደርጉታል። እኔ ጨዋታ መምራት ከጀመርሁ ወዲህ ግን ተጫዋቾቼን አጥብቆ የያዛቸው ግጭት የተነሣው በአንድ መቅደስ አብረው በሚሰግዱና አንድ መጽሐፍ በሚያነቡ ሰዎች መካከል ነው። ሌላ አምላክ የሚያመልከውን ሰው «አያውቅም» ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ የእኛኑ መጽሐፍ ገልጦ እኛ ከምንለው ሌላ የሚያነበውን ግን ማለፍ ይከብዳል።

መጀመሪያ የሚያከራክረውን ነገር ይምረጡ፤ ነገሩም በዓይን የሚታይና በእጅ የሚሠራ ይሁን። በሩሲያ እ.ኤ.አ. በ1650ዎቹ ፓትርያርክ ኒኮን የአምልኮውን መጻሕፍትና ሥርዓት በግሪኮች ልማድ ሲያርሙ፣ ምእመናኑ በሁለት ጣት ማማተባቸውን ትተው በሦስት ጣት እንዲያማትቡ አዘዙ። አሮጌውን ሥርዓት አንለቅም ያሉት የሶሎቬትስኪ ገዳም መነኮሳት ከ1668 እስከ 1676 ድረስ በሩሲያው ንጉሥ (በዛሩ) ሠራዊት ተከበው ቆዩ። ከሩቅ ለሚያየው ሰው ጉዳዩ የአንድ ጣት ጉዳይ ይመስላል፤ በውስጡ ላለው ግን «አባቶቼ ሁሉ ተሳስተው ሞቱ ማለት ነውን?» የሚል ጥያቄ ነበረ። ለጨዋታ መሪ የሚጠቅመው ይህ ነው፤ ተጫዋቹ ገና ደጃፉ ላይ ቆሞ የሰውየውን እጅ በማየት ወገኑን ያውቃል፣ የራሱም እጅ እንደሚታይበት ይገነዘባል።

ቀጥሎ ሁለቱም ወገኖች በአንዲት ጥቅስ ላይ እንዲቆሙ ያድርጉ። በዚህ ረገድ በአማርኛ የምንጫወት ሰዎች ታላቅ ሀብት አለን፤ ቅኔው ኅብረ ቃልን አስለምዶናልና አንድን ቃል በሁለት መንገድ መስማት አያስቸግረንም። እኔ በሠራሁት ዓለም ውስጥ ያለው እምነት ከአምላኩ የተቀበለው ትእዛዝ «እሳቴን ጠብቁ» የሚል ነው። አንደኛው ወገን «እንዳይጠፋ ዘብ ቁሙለት» ብሎ ያነበዋል፤ ስለዚህ የመቅደሱ መብራት ከተለኮሰበት ቀን ጀምሮ ጠፍቶ አያውቅም። ሌላው ወገን «እስኪመጣ ድረስ በትዕግሥት ቆዩ» ብሎ ያነበዋል፤ ስለዚህ በዓመት አንዲት ሌሊት መብራቱን ሁሉ አጥፍቶ በጨለማ ይቀመጥና ንጋት ላይ ከባልጩት በሚወጣ አዲስ እሳት ይለኩሳል። ከሁለቱ አንዱ በግልጽ ሞኝ ወይም ክፉ ከሆነ ተጫዋቾች ወዲያው ይፈርዳሉ፣ ክርክሩም ያበቃል። ስለዚህ ከመጫወትዎ በፊት የእያንዳንዱን ወገን ስብከት በአምስት ዐረፍተ ነገር ይጻፉ፤ አንዱን ሲጽፉ ልብዎ ካልተነካ ገና አልበሰለም።

ክርክሩን ከእንጀራ ጋርም ያያይዙት። የማይጠፋ መብራት ዘይት ይፈልጋል፣ ዘይቱን የሚያመጣ ገበሬ አለ፣ ገበሬው የሚያርሰው መሬት የገዳሙ ነው። ሆኖም እምነቱን የጥቅም ሽፋን ብቻ አድርጎ ማቅረብ ሁሉንም ያረክሰዋልና ዘይቱ ከጸሎቱ በኋላ ይምጣ።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ችግር የምናባዊው ዓለም ብቻ ነው። በዚያ ዓለም ካህን ሲጸልይ ቁስል ይሽራል፣ ሙት ይነሣል፤ ታዲያ አምላኩ እንዲህ በግልጽ የሚመልስ ከሆነ ሰዎቹ ለምን ይከራከራሉ? ብዙ አዘጋጆች የተሳሳተውን ወገን ኃይል ያሳጡታል፤ ይህ ግን ጥያቄውን በአንድ ምሽት ይገድለዋል። የተሻለው መንገድ አምላኩ ለሁለቱም እንዲመልስ ማድረግና ጥያቄውን ክህነቱን ወደ ሰጠው ሰው እጅ ማዞር ነው። በሰሜን አፍሪካ የዶናቱስ ተከታዮች የተባሉ ክርስቲያኖች ያነሡት ጥያቄ እንዲህ ያለ ነበር። እ.ኤ.አ. በ303 በጀመረው የሮማው ንጉሥ የዲዮቅልጥያኖስ ስደት ጊዜ ቅዱሳት መጻሕፍትን ለባለ ሥልጣናት ያስረከቡ ካህናት ነበሩ፤ ስደቱ ካለፈ በኋላ በካርታጎ የተሾመውን ጳጳስ «ከሾሙት አንዱ መጽሐፍ አስረክቧል» በማለት አንቀበልም ያሉ ተነሡ። በ314 በአርል የተደረገው ጉባኤ ቢፈርድባቸውም ከመቶ ዓመት በላይ የራሳቸውን ጳጳሳት እየሾሙ ኖረዋል። የከዳ እጅ የሰጠው ክህነት ይጸናል ወይስ አይጸናም የሚለውን ጥያቄ የትኛውም ተአምር አይዘጋውም።

ይህንን በጨዋታችን ሞክሬዋለሁ። የአንዲት ተጫዋች ገጸ ባሕርይ ፈዋሽ ካህን ነበረች፤ የሾሟት ጳጳስ በወረራው ጊዜ መብራቱን በገዛ እጃቸው አጥፍተው መቅረዙን ለወታደሮች እንደ ሰጡ በድንገት ሰማች። በዚያው ሌሊት አንዲት እናት በትኩሳት የሚቃጠል ልጇን አዝላ መጣች። ካህኗ እጇን ጫነች፣ ዳይሱም መልካም ወጣ፣ ልጁም ዐይኑን ከፈተ። እናቲቱ ልጇን መልሳ በነጠላዋ ሸፈነችና «እማሆይ፣ ልጄን ያዳነው ማን ነው?» ብላ ጠየቀች። ተጫዋቿ ዳይሱን በእጇ እንደያዘች ለረጅም ጊዜ ዝም አለች፤ እኔም አላቻኮልኋትም።

ለእያንዳንዱ ወገን ሁለት ስም መስጠትን አይርሱ፤ አንዱ ራሱን የሚጠራበት፣ ሌላው ተቃዋሚው የሚጠራው ነው። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ታሪክም ስለ ክርስቶስ በተነሣው፣ የቅብዓትና የጸጋ በሚባለው ረጅም ክርክር ተዋሕዶዎቹን ባላጋራዎቻቸው «ካራ» ይሏቸው ነበር። ተጫዋቾች የትኛውን ስም እንደሚጠቀሙ ሳያስቡበት ቢመርጡም፣ መንደሩ ግን ልብ ይለዋል። እዚህ ላይ አጥብቄ የምለው ነገር አለ፦ ጠረጴዛው ዙሪያ የሚቀመጡት ሰዎች የራሳቸው እምነት አላቸውና ከታሪኩ ቅርጹን እንጂ ምሥጢሩን አይውሰዱ፤ የቅዱሳንን ስም፣ የሥላሴን ነገር፣ ዛሬም ሰው የሚያዝንበትን ውዝግብ ወደ ጨዋታ አያግቡ። ከመጀመራችሁም በፊት እያንዳንዱ ተጫዋች የማይፈልገውን ነገር እንዲናገር ይጠይቁ።

በመጨረሻ ክርክሩ በሰይፍ ብቻ የሚያልቅ እንዳይሆን የስምምነት በር ያዘጋጁ። የኢትዮጵያዊው መነኩሴ የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርት ቀዳሚት ሰንበትን እንደ እሑድ እናከብራለን በማለታቸው ከክህነት ተገልለው በሰሜኑ ምድር ገዳማቸውን እያስፋፉ ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት ኖሩ። እ.ኤ.አ. በ1450 ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በደብረ ምጥማቅ በጠሩት ጉባኤ የሁለቱም ሰንበታት መከበር ጸደቀ፤ እነርሱም በበኩላቸው ከግብፃውያኑ ጳጳሳት ክህነት ለመቀበል ተስማሙ። አንዱ ወገን በሥርዓቱ፣ ሌላው በሹመቱ ለቀቀ ማለት ነው። ተጫዋቾችዎን በእንዲህ ያለ ጉባኤ ላይ መልእክተኞች ያድርጓቸውና እያንዳንዱ ወገን ምን ቢሰጠው ምን እንደሚለቅ ራሳቸው ይፈልጉ። በእኔ ዓለም የታላቁ መቅደስ መብራት እንዳይጠፋ፣ በየመንደሩ ግን አዲሱ እሳት እንዲወጣ ተስማምተዋል። ባልጩታቸውን በመቀነታቸው ቋጥረው ጉባኤውን ረግጠው የወጡ ሦስት አረጋውያን አሉ፤ የሚቀጥለው ጨዋታችን የሚጀምረው እነርሱ ካደሩበት ዋሻ ነው።